የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ይቀየራል? ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ አጣሩ

መልሱን ላስቀድም። አብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ግራፊክስ ካርድ አይቀየርም። እንደ ዴስክቶፕ ክዳኑን ከፍቶ፣ አሮጌውን ነቅሎ፣ አዲሱን ሰክቶ መዝጋት የለም። ቺፑ ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል። ወይም ደግሞ ራሱን የቻለ ቺፕ ጭራሽ የለም፤ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው ያለው።

ግን ነገሩን እዚህ ላይ መዝጋት ልክ አይሆንም። የሚቀየርላቸው ላፕቶፖች አሉ። ከውጭ ሌላ ካርድ የሚሰካባቸውም አሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ችግሩ ራም ወይም ሙቀት ወይም ቻርጀር ሆኖ ሳለ "ግራፊክስ ካርዱ ደካማ ነው" ተብሎ የተፈረደባቸው ላፕቶፖች በጣም ብዙ ናቸው። አርክቴክቸር የሚማር ልጅ ሉሚዮን (የሕንጻ ዲዛይንን በምስል የሚያሳየው ፕሮግራም) አልከፍት ይለዋል። ቪዲዮ የምትቆርጥ ልጅ ፕሪሚየር መሃል ላይ ቀጥ ይልባታል። ሁለቱም የሚሰሙት ምክር አንድ ነው፤ ሽጥና ሌላ ግዛ። ላፕቶፕ ዛሬ የሚያወጣውን ዋጋ ስናስብ ይህ ቀላል ምክር አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ እናጣራ። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ውስጡ ምን እንዳለ እወቁ

ካቻቢቴ ገና አታንሱ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ነክታችሁ በግራ በኩል ያለውን ዝርዝር እስከ ታች ውረዱ። ጂፒዩ 0 የሚል ታገኛላችሁ፤ ጂፒዩ ማለት ግራፊክስ ቺፑ ነው። አንዳንዱ ላይ ከስሩ ጂፒዩ 1 የሚልም አለ።

ያለው አንድ ብቻ ከሆነና ስሙ ኢንቴል ኤችዲ፣ ዩኤችዲ ወይም አይሪስ ከሆነ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። ስሙ ራዲዮን ቬጋ ወይም እንዲሁ ራዲዮን ግራፊክስ ብቻ ከሆነም ያው ነው። ኤንቪዲያ ጂፎርስ፣ ኳድሮ፣ ወይም ራዲዮን ብሎ የራሱ የሞዴል ቁጥር ያለው ሁለተኛ ጂፒዩ ካያችሁ፣ ራሱን የቻለ ቺፕ አላችሁ። ስሙን ሙሉውን ጻፉት፤ ወደፊት ያስፈልጋችኋል።

ገዢዎችን ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ነገር እዚህ ጋ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን ተጫኑና በእንግሊዝኛ ፊደል ዲ፣ ኤክስ፣ ዲ፣ አይ፣ ኤ፣ ጂ ብላችሁ ጻፉ። በሚመጣው መስኮት ዲስፕሌይ የሚለውን ክፈቱ። ሦስት ቁጥሮች ታያላችሁ። አንዱ ጠቅላላ ሜሞሪ፣ አንዱ የካርዱ የራሱ፣ አንዱ ደግሞ ከራም የሚጋራው ነው። 8 ጊጋ ራም ያለውና ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሆነ ላፕቶፕ ጠቅላላውን ከ4 ጊጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳያል። የራሱ የሚለው መስመር ላይ ግን ያለው 128 ሜጋባይት ነው። እሱም የቀረውም ከራማችሁ የሚበደር ነው። ሻጩ ጠቅላላውን አሳይቶ "4 ጊጋ ግራፊክስ አለው" ሲል ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ አንብቦ ነው፤ ላፕቶፑ ግን 4 ጊጋ ግራፊክስ የለውም። ሁልጊዜ የካርዱ የራሱ የሚለውን መስመር እዩ።

ሁለተኛ፦ የሚያንቀው ግራፊክሱ መሆኑን አረጋግጡ

ታስክ ማናጀሩን ክፍት አድርጋችሁ ያንን የሚያስቸግራችሁን ስራ ስሩ። ሉሚዮንም ይሁን ፕሪሚየር ወይም ጌም። ቀጥ ሲል ወይም መቆራረጥ ሲጀምር ቁጥሮቹን ተመልከቱ።

ሜሞሪ 95 በመቶ ደርሶ ጂፒዩው 30 ላይ ከሆነ፣ ያለቀባችሁ ራም ነው። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ከቀረና ላፕቶፑ አሁንም የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለው፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ) አስገቡ። ኤስኤስዲ ጌም ላይ የፍሬም ቁጥር አይጨምርም፤ ፋይል መክፈትና መጫን ግን ሌላ ዓለም ይሆናል። ፕሮሰሰሩ 100 ደርሶ ጂፒዩው ከተኛ ደግሞ የምርጡ ግራፊክስ ካርድም አያድናችሁም። አውቶካድ ላይ ባለሁለት ገጽታ ፕላን የሚስል ሰው በአብዛኛው እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ያ ስራ የሚፈልገው ፈጣን ፕሮሰሰር ነው።

ሉሚዮን ግን ሌላ ነው። እሱ በግራፊክስ ካርድ ነው የሚኖረው። ጂፒዩው ከ95 በላይ ወጥቶ እዚያው ከቆመና የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ከሞላ፣ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ሦስተኛ፦ ሳንቲም የማያስወጣውን አስቀድሙ

መጀመሪያ ቻርጀሩን አገላብጣችሁ እዩ። በእኛ አገር ኦሪጅናሉ ሲጠፋ ወይም ሲቃጠል የሚተካው "ፒኑ ይገባል" በሚለው መለኪያ ብቻ ነው። ፒኑ መግባቱ አይበቃም። ዴል ፕሪሲዥን ኤም 4800 የሚፈልገው 180 ዋት ነው። ኤም 6800 ደግሞ 240 ዋት። እነዚህን በ90 ዋት ቻርጀር ብትሰኳቸው ይበራሉ፤ ኢንተርኔትም ትጠቀማላችሁ። ከባድ ስራ ሲመጣ ግን ጉልበታቸውን ይቀንሳሉ። የዴል ቻርጀር መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ፒን ለላፕቶፑ የቻርጀሩን ዋት የምትነግር ናት። እሷ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ተመሳስሎ የተሰራ ከሆነ ላፕቶፑ ሲነሳ "የቻርጀሩን ዓይነት ማወቅ አልቻልኩም" የሚል መልእክት ያመጣል። ከዚያ ፕሮሰሰሩን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ ባትሪውንም አይሞላም። ይህን መልእክት ኢንተር ብለው እያለፉ ለወራት የሚሰሩ ሰዎች አሉ። ቻርጀሩን ብቻ ቀይሩ፤ ላፕቶፑ ይመለሳል።

በባትሪ ብቻ እየሰራችሁ ግራፊክስ አትለኩ። በባትሪ ሲሆን አብዛኛው ላፕቶፕ ራሱን ይቆጥባል።

ቀጥሎ ሁለት ጂፒዩ ያላችሁ ሰዎች፣ ፕሮግራሙ በየትኛው እየሰራ እንደሆነ እዩ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ። ፕሮግራሙን ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡና ሃይ ፐርፎርማንስ የሚለውን ምረጡ። ኤንቪዲያ እያላቸው በኢንቴሉ ሲሰሩ የከረሙ ብዙ ናቸው።

አሁን ሙቀት። ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚንቀው ነው። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። አውርዱና ሴንሰር ብቻ በሚለው ክፈቱት። ከባድ ስራ ለ15 ደቂቃ እየሰራችሁ የጂፒዩና የፕሮሰሰር ሙቀት ከፍተኛው ስንት እንደደረሰ አንብቡ። 90 ዲግሪ አልፎ ከሄደ ላፕቶፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። ጌሙ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥሩ ሄዶ በኋላ የሚቆራረጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባህር ዳርቻ ከተማ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የከተማው ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሳል። አቧራውን ግን ምንም አያካክሰውም። ሙቅ አየር የሚወጣበትን ወንፊት በባትሪ መብራት ብታዩት ብዙ ጊዜ በጥጥ የተደፈነ ይመስላል።

አጽዱት። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ የስሩን ክዳን ክፈቱ። ፋኑን በጥርስ መጎርጎሪያ እንዳይዞር ያዙትና አቧራውን በብሩሽና በአየር አስወጡ። ሳትይዙት በአየር ካሽከረከራችሁት ማዞሪያው ሊጎዳ ይችላል። ላፕቶፑ ብዙ ዓመት ከቆየ በቺፑና በሂትሲንኩ (ሙቀቱን በሚወስደው ብረት) መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቋል። ሂትሲንኩን ስታነሱ ብሎኖቹ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሉ ቁጥሮች ታገኛላችሁ። ስትመልሱ በዚያ ቅደም ተከተል፣ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያጠበቃችሁ ሂዱ። አንዱን ጥርቅም አድርጋችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ሂትሲንኩ ያዘነብላል፣ ቺፑም ሊሰነጠቅ ይችላል። የድሮውን ፔስት በአልኮል ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ አዲሱን የአተር ፍሬ የምታህል አድርጉ። የጥርስ ሳሙና ወይም ሌላ ቅባት ልቀባ የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ እቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ መልሳችሁ ለኩ። ብዙ ሰው ጉዞውን እዚህ ላይ ይጨርሳል።

አራተኛ፦ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ከሆነ ራሙን ጥንድ አድርጉ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ትልቁ ለውጥ የሚመጣበት ነው። ብር ከሚያስወጡት መንገዶች ውስጥም ብዙ ጊዜ ርካሹ እሱ ነው።

ፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም። የሚሰራው በራማችሁ ነው። አንድ ራም ብቻ ከተሰካ መንገዱ አንድ ነው። ሁለት ሲሆን መንገዱ ሁለት ይሆናል። በቁጥር ልንገራችሁ። ዲዲአር 4 ባለ 2400 ራም አንድ ብቻ ሲሆን በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለት ሲሆን 38.4። ግራፊክስ ደግሞ የሚራበው ይህንኑ ነው። ለማወዳደር ያህል፣ ኤንቪዲያ ኤምኤክስ 150 የሚባለው የላፕቶፕ ቺፕ የራሱ ሜሞሪ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ስለዚህ 8 ጊጋ አንድ ራም ያለው ሰው ሌላ 8 ጨምሮ 16 ሲያደርገው የጨመረው መጠን ብቻ አይደለም፤ ፍጥነትም ጨምሯል።

ኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ ላይ ነገሩ በዓይን ይታያል። ራሙ አንድ መንገድ ብቻ ከሆነ ዊንዶውስ ቺፑን ዩኤችዲ ግራፊክስ ብሎ ነው የሚጠራው። ሁለተኛውን ራም ሰክታችሁ ስታስነሱት ስሙ አይሪስ ኤክስኢ ሆኖ ይመጣል።

ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ክፈቱ። ከስር ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይነግራችኋል። "ከ2 አንዱ" የሚል ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ዲዲአር 3፣ 4 እና 5 ማስገቢያቸው አይገጥምም፤ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ዲዲአር 3 ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከ4ኛው ትውልድ ኢንቴል ወዲህ ያሉ ብዙ ላፕቶፖች የሚቀበሉት ኤል የሚል ፊደል የተጨመረበትን፣ በ1.35 ቮልት የሚሰራውን ብቻ ነው። ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ራሱ የተበየደ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሰራው ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ "ለግራፊክስ 2 ጊጋ ስጥ" የሚለውን ከፍ ማድረግ ጉልበት አይጨምርም። አንዳንድ ፕሮግራም "ሜሞሪ አነሰኝ" ብሎ አልከፍት ሲል ብቻ ይጠቅማል። ያንን 2 ጊጋ ግን ከራማችሁ ቀንሳችሁ ነው የሰጣችሁት።

አምስተኛ፦ ካርዱ የሚነቀል መሆኑን አጣሩ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ካርዳቸው የሚነቀል ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት ማስገቢያ ኤምኤክስኤም ይባላል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የነበረ ነው። ከባድ ስራ ለሚሰሩ ሰዎች በተዘጋጁ ወፍራም ላፕቶፖች ላይ ነው የሚገኘው። ዴል ፕሪሲዥን ኤም 4600፣ 4700፣ 4800፤ ትልልቆቹ ኤም 6600፣ 6700፣ 6800። ኤችፒ ኤሊትቡክ 8560 ደብሊው፣ 8570 ደብሊው፣ 8770 ደብሊው። ዚቡክ 15 እና 17 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች። እነዚህ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ የምታገኟቸው ናቸው።

ስም ብቻ አይታችሁ ግን አትደምድሙ። ፕሪሲዥን ኤም 2800 እና 5510 ያው ፕሪሲዥን ናቸው፤ ቺፓቸው ግን ተበይዷል። ዚቡክ ስቱዲዮም ተበይዷል። ሌኖቮ ቲንክፓድ ደብሊው 540 ወፍራም ነው፤ እሱም ተበይዷል። እርግጠኛው ማስረጃ የጥገና መመሪያው ነው። ዴልም ኤችፒም ለየሞዴሉ ሰነዱን ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ያስቀምጣሉ። የሞዴሉን ስምና ሰርቪስ ማንዋል ብላችሁ ፈልጉ። ማውጫው ውስጥ ቪዲዮ ካርድ ወይም ግራፊክስ ካርድ ማንሳት የሚል ራሱን የቻለ ክፍል ካለ ይነቀላል። ሲስተም ቦርድ የሚለው ብቻ ካለ አይነቀልም።

ቢነቀልም ያገኛችሁት ሁሉ አይገባም። የኤምኤክስኤም ካርድ ሁለት መጠን አለው። ትንሹ 82 በ70 ሚሊሜትር፣ ትልቁ 82 በ105 ነው። ሂትሲንኩ ከካርዱ ቺፕና ብሎኖች ጋር መግጠም አለበት፤ የኤኤምዲ ካርድ ሂትሲንክና የኤንቪዲያ ካርድ ሂትሲንክ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ባዮሱም የማያውቀውን ካርድ አልቀበልም ብሎ ስክሪኑን ጨለማ ሊያደርግባችሁ ይችላል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ፋብሪካው ለዚያው ሞዴል ካቀረባቸው ካርዶች ውጭ አትውጡ። ለምሳሌ ኤም 4800 ሲሸጥ የነበረው በኳድሮ ኬ1100ኤም፣ በኬ2100ኤም እና በፋየርፕሮ ኤም5100 ነው። 1100 ያለው ሰው 2100 ሊያስገባ ይችላል።

ዋጋ አለው ወይ? ኬ1100ኤም 384 የስሌት ኮሮች አሉት፣ ኬ2100ኤም 576። ልዩነቱ ይታያል። ሁለቱም ግን የ2013 ካርዶች ናቸው፣ ሁለቱም 2 ጊጋ ናቸው፣ ኤንቪዲያም ለዚህ ትውልድ አዲስ ድራይቨር ማውጣት አቁሟል። ካርዱን በርካሽ ካገኛችሁትና ስራችሁ አሮጌ ሶፍትዌር ላይ ከሆነ አድርጉት። አዲስ ሉሚዮን ለመክፈት ብላችሁ ከሆነ አታድርጉት፤ አይከፍትላችሁም።

የምትቀይሩ ከሆነ አሰራሩ ይህ ነው። የድሮውን ድራይቨር አጥፉ። ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ቻርጀርና ባትሪ አውጡ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አስለቅቁ። በጥገና መመሪያው ቅደም ተከተል ክፈቱ። ብሎኖቹን ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ስላችሁ በየቦታቸው አስቀምጡ፤ ርዝመታቸው ይለያያል፣ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁ ማዘርቦርዱን ይበሳል። ሂትሲንኩን አንሱ። ካርዱን የያዙትን ብሎኖች ስትፈቱ ካርዱ ራሱ ከአንድ ጎኑ ቀና ይላል። ጠርዙን ይዛችሁ አዘንብላችሁ ሳቡት። አዲሱም እንዲሁ አዘንብሎ ይገባል። የወርቅ ቀለም ያለው ጥርሱ ከሞላ ጎደል እስኪሰወር ግፉትና ወደ ታች ተጫኑት። የካርዱ ሜሞሪዎች ላይ ያረፈውን ለስላሳ ፓድ አትጣሉት፣ በፔስትም አትተኩት። እሱ ክፍተት የሚሞላ ነው፤ ከተቀደደ በዚያው ውፍረት ሌላ ግዙ። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋታችሁ በፊት አስነሱና ስክሪኑ መምጣቱን እዩ።

ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ሁለት የምትሰሟቸው ስሞች አሉ። ዴል በ2019 ኤሊየንዌር ኤሪያ 51ኤም የሚባል፣ ካርዱ የሚቀየር ላፕቶፕ አውጥቶ ነበር። የካርዱ ቅርጽ ግን የራሱ የዴል ብቻ ነው። ቀጣዩ የካርድ ትውልድ በ2020 ሲመጣ የገባው አዲሱ ሞዴል ላይ ነው። ፍሬምወርክ 16 የተባለው ላፕቶፕ ደግሞ ከኋላው የሚወጣና የሚገባ የግራፊክስ ክፍል አለው። መጀመሪያ በራዲዮን 7700ኤስ ተሸጠ፤ በ2025 ለዚያው ላፕቶፕ የሚሆን ጂፎርስ አርቲኤክስ 5070 ቀረበለት። ቃሉን የጠበቀ ላፕቶፕ በማየቴ ደስ ይለኛል። ዋጋው ግን የብዙዎቻችን ኪስ አይደለም።

የተበየደ ከሆነስ?

ሁለት ነገር ይነገራችኋል። አንዱ "ቺፑን አንስተን ሌላ እንበይዳለን" ነው። ቺፑ ከስሩ በመቶዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን የብየዳ ኳሶች ነው የተያያዘው። የተበላሸውን በዚያው ዓይነት መተካት በጥሩ ማሽንና በጥሩ እጅ ይቻላል። በበለጠ ቺፕ መተካት ግን አይሆንም። የኃይል አቅርቦቱ፣ የሜሞሪው ብዛት፣ ባዮሱ፣ ሁሉም ለድሮው ቺፕ የተሰራ ነው። ስክሪን ያጠፋ ላፕቶፕን በሙቅ አየር አሙቆ "ተሰራ" ብሎ መመለስም አለ። ለጥቂት ጊዜ ይነሳል፣ ከዚያ ችግሩ ይመለሳል። ላፕቶፑ ሊሸጥ ሲል ብቻ የሚሞቅ መሆኑ ያሳዝናል። ስትገዙ ለ20 ደቂቃ ከባድ ነገር እያሰራችሁ የምታዩት አንዱ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ማዘርቦርዱን በሙሉ መቀየር ነው። ይህ የሚሆነው ያው ሞዴል በሁለት ዓይነት ከተሸጠ ብቻ ነው። ቲንክፓድ ቲ480 ለምሳሌ ኤምኤክስ 150 ያለውም የሌለውም አለ። ቦርዱን ስትገዙ ለሱ የሚሆነውን ሂትሲንክም አብራችሁ መግዛት አለባችሁ። ሂሳቡን ሰርታችሁ ላፕቶፑን ሸጦ ያንኑ ሞዴል ካርድ ያለውን ከመግዛት ጋር አወዳድሩት። ብዙ ጊዜ መሸጡ ያዋጣል።

ስድስተኛ፦ ከውጭ መሰካት

የዴስክቶፕ ካርድ ከላፕቶፕ ጋር ከውጭ ማገናኘት ይቻላል። ላፕቶፑ ግን መውጫው ሊኖረው ይገባል።

ጥሩው መንገድ ተንደርቦልት ነው። ተንደርቦልት 3 እና 4 በሰከንድ 40 ጊጋቢት ያስተላልፋሉ፣ መሰኪያቸውም ያቺው ሞላላዋ ዩኤስቢ ሲ ናት። አጠገቧ የመብረቅ ምልክት መኖሩን እዩ። የዩኤስቢ ወይም የባትሪ ምልክት ብቻ ያለው ብዙ ጊዜ አይሰራም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ተንደርቦልት የሚል መሳሪያ ካለ ጥርጣሬው ይወገዳል። ከ2017 እስከ 2019 የተሰራ ቲንክፓድ ያላችሁ ሰዎች፣ ምንም ከመሰካታችሁ በፊት የተንደርቦልቱን ፈርምዌር (መሳሪያው ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) ከሌኖቮ ድረ ገጽ አድሱ። በዚያ ዘመን የወጣው ፈርምዌር መውጫውን እስከ መግደል የሚያደርስ ችግር ነበረበት፤ ሌኖቮም ማስተካከያ አውጥቶለታል።

ካርዱ የሚቀመጥበት ሳጥን ለብቻው ይገዛል። የራሱ ፓወር ሰፕላይ አለው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ክብደቱን አስቡበት።

ርካሹ መንገድ ኤምዶትቱ ነው። ኤስኤስዲው የሚገባበት ማስገቢያ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት የሚቀበል ከሆነ፣ እዚያ የሚሰካ ገመድ ያለው ቦርድ ይገዛል። በሌላው ጫፍ የዴስክቶፕ ካርድ ይቀመጣል። ኤስኤስዲው ቦታውን ስለሚያጣ ሌላ ማስገቢያ ወይም ሳታ ሃርድ ዲስክ ሊኖራችሁ ይገባል። የስሩ ክዳን ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ይህ ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ላፕቶፕ ነው። መስመሩ የዴስክቶፕ ማስገቢያ ካለው ሩብ ነው። ቢሆንም መካከለኛ ካርድ ጥሩ አድርጎ ይሰራበታል። በዋይፋይ ካርድ ማስገቢያ በኩል የሚሰካውን ግን አልመክርም፤ መስመሩ በጣም ጠባብ ነው።

ዩኤስቢን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረው ትንሽ አስማሚ ግራፊክስ ካርድ አይደለችም። ሁለተኛ ስክሪን ትሰጣችኋለች፤ ጉልበት አትጨምርም።

ስትሰኩ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ለኤምዶትቱ መጀመሪያ የካርዱን ፓወር አብሩ፣ ከዚያ ላፕቶፑን። እየሰራ ሳለ በፍጹም አትንቀሉ። ሞኒተሩን ከካርዱ በራሱ መውጫ ጋር አገናኙት። ምስሉ በዚያው ቀጭን መስመር ወደ ላፕቶፑ ስክሪን እንዲመለስ ካደረጋችሁት ጉልበቱ በግልጽ ይወርዳል። ዲቫይስ ማናጀር ላይ ኮድ 12 ካያችሁ ላፕቶፑ ለካርዱ የሚሆን የአድራሻ ቦታ አላገኘም ማለት ነው። የላፕቶፑን የራሱን ኤንቪዲያ ከባዮስ ወይም ከዚያው ዲቫይስ ማናጀር አጥፍታችሁ ሞክሩ። ኮድ 43 ከሆነ ድራይቨሩን ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም ጠራርጋችሁ እንደገና ጫኑ።

ከመብራቱ ጋር የተያያዘውን በደንብ ያዙልኝ። ከአሜሪካ የመጣ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ሊኖረው ይችላል። የእኛ መብራት 220 ነው። 115 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ይፈነዳል። ከመሰካታችሁ በፊት ወደ 230 አዙሩት። ሌላው መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ነው። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ይቀጥላል፣ ካርዱ ግን በዚያችው ቅጽበት ይሞታል፣ ስራችሁም አብሮ ይሄዳል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ኃይል የማይበላ ካርድ ብትመርጡ ዩፒኤሱም ትንሽ ይበቃዋል። ጂቲኤክስ 1650 ለምሳሌ 75 ዋት ነው የሚበላው፣ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170።

ማክቡክ ያላችሁ ሰዎች፣ ኤም 1 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት ላይ የውጭ ግራፊክስ ካርድ በማክ ኦኤስ አይሰራም። ኢንቴል ሆነው ተንደርቦልት 3 ያላቸው ላይ በ2018 ከመጣው ማሻሻያ ጀምሮ በኤኤምዲ ካርድ ይሰራል።

ሰባተኛ፦ መሸጡ ሲያዋጣ

ተንደርቦልት ከሌለ፣ ኤምዶትቱ ከሌለ፣ ካርዱ ከተበየደና ስራችሁ የእውነት ግራፊክስ ከፈለገ፣ ላፕቶፑን አትጠግኑ። ገና ዋጋ እያለው ሽጡት። ስራችሁ ቤት ወይም ቢሮ ከሆነ በዚያው ብር ዴስክቶፕ መግዛት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ጠይቁ፤ ካርዱን ነገ ትቀይሩታላችሁ። ላፕቶፕ የግድ ከሆነ ዛሬ የሚያስፈልጋችሁን ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስፈልጋችሁን ካርድ ይዞ የመጣውን ግዙ፤ የተበየደ ካርድ የሚመረጥበት ቀን የመግዣው ቀን ብቻ ነው።

ሱቁ ውስጥ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የምታደርጉት ይህ ነው። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ። የካርዱ የራሱ ሜሞሪ የሚለውን መስመር እዩ። ራሙ በስንት ማስገቢያ እንደተያዘ አጣሩ። የመብረቅ ምልክት ፈልጉ። ኤችደብሊውኢንፎን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ከባድ ነገር ለ20 ደቂቃ አሰሩት። ሻጩ 20 ደቂቃ ካልፈቀደላችሁ ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ።